ከንግግሩ ይልቅ የሻይ ዕረፍቱ፦ በስፖርት ሙያ ያሉ ሴቶች የሚተዋወቁባቸው መድረኮች

በስፖርቱ ዓለም ጥሩ የሥራ ቦታ በማስታወቂያ የሚሞላው አልፎ አልፎ ነው። አሰልጣኝ ሲለቅ የቡድኑ ኃላፊ ስልክ ያነሳና የሚያውቀው ሰው ጋ ይደውላል። ያም ሰው ሌላ የሚያውቀውን ይጠቁማል። ማስታወቂያ ከወጣም ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁት ደግሞ አብረው ሲጫወቱ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲሳሳቁ ወይም ከውድድር በኋላ ሆቴል ውስጥ ሲያመሹ ነው። እነዚህ ቦታዎች ለረጅም ጊዜ ሴት አይታይባቸውም ነበር።

ዛሬ በብዙ አገር የሚዘጋጁት የስፖርት ሴቶች መድረኮች የተወለዱት ከዚህ ነው። ቅርጻቸው ብዙ ነው። ጉባኤ አለ፣ የአመራር ሥልጠና አለ፣ ሜንተርሺፕ (ልምድ ያላት ጀማሪዋን የምትመክርበት) አለ፣ ከሥራ በኋላ ሁለት ሰዓት የሚቆይ የትውውቅ ምሽትም አለ። የሚመጡት አሰልጣኞችና ዳኞች ብቻ አይደሉም። ጋዜጠኛዋ፣ የክለብ ሥራ አስኪያጇ፣ የስፖንሰርሺፕ ውል የምትደራደረው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ የስታዲየም ኃላፊዋ፣ ጫማዋን ሰቅላ ሌላ ሙያ የምትፈልገው አትሌት ሁሉ አሉበት።

ታሪኩ ከተዘጋ በር ይጀምራል። በሩም የእውነት በር ነው። በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ሜሊሳ ሉድኪ የተባለች የስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት ዘጋቢ የአሜሪካን ቤዝቦል የፍጻሜ ጨዋታዎች ልትዘግብ ሄደች። ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች። ወንዶቹ ዘጋቢዎች ግን የተጫዋቾቹ ላብ ሳይደርቅ እዚያው ገብተው ያናግሯቸዋል። ጥሩው ወሬ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። የመጽሔቱ አሳታሚ ታይም ኩባንያ ክስ መሠረተ። በ1978 ዳኛ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ለሉድኪ ፈረዱላት።

በሩ በፍርድ ተከፈተ። የውስጡ አቀባበል ግን በፍርድ አይታዘዝም። ቀልዱንም፣ ስድቡንም፣ ችላ መባሉንም እያንዳንዷ ዘጋቢ ለየብቻዋ ቻለችው። በ1987 የተወሰኑት ተሰባስበው በአሜሪካ የስፖርት ሚዲያ ሴቶች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳል፤ ተማሪዎችንም ከልምምድ ሥራ ጋር ያገናኛል። አንዲት ተማሪ እዚያ ሄዳ መጀመሪያ የምትማረው የአዘጋገብ ዘዴ ላይሆን ይችላል። «ለካ እኔ ላይ ብቻ አይደለም የደረሰው» የሚለው ነገር ይቀድማል።

የአሰልጣኞቹ ታሪክ ደግሞ ግራ ያጋባል። በ1972 አሜሪካ ታይትል ናይን የሚባለውን ሕግ አወጣች። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት ውስጥ በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። የሴቶች ስፖርት በጀት አገኘ፣ የተጫዋቾቹም ቁጥር ተመነደገ። ሕጉ ሲወጣ በየዩኒቨርሲቲው ካሉት የሴት ቡድኖች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የሚያሠለጥኑት ሴቶች ነበሩ። ከዚያስ? ሥራው ደህና ደመወዝ ማስገኘት ሲጀምር ወንዶች መጡ። የሴት አሰልጣኞች ድርሻ እየወረደ ሄዶ ከግማሽ በታች ሆነ። የወንዶቹና የሴቶቹ የስፖርት ክፍሎች ሲዋሃዱም አለቃ ሆኖ የሚቀረው በአብዛኛው የወንዶቹ ክፍል ኃላፊ ነበር። እሱም የሚያውቀውን ሰው ቀጠረ። የግድ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ስም ያ ነው። በ1979 የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚያስተዳድሩ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በዚህ ወቅት ነበር። ዛሬ ዊመን ሊደርስ ኢን ስፖርትስ በሚል ስም ይታወቃል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚጫወቱ ሴቶች ከበዙ የሚመሩ ሴቶችም ተከትለው የሚበዙ ይመስለዋል። አይበዙም። ኦሊምፒክን እንይ። በፓሪስ 2024 ለወንድና ለሴት አትሌቶች የተሰጠው ኮታ እኩል ለእኩል ነበር። ከአሰልጣኞቹ ግን ሴቶቹ በሪዮ ከመቶ 11፣ በቶኪዮ ደግሞ 13 ብቻ ነበሩ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ራሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴት አባላት የተቀበለው በ1981 ነው፤ ከተመሠረተ ከ87 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የዚምባብዌዋ ዋናተኛ ኪርስቲ ኮቨንትሪ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው ገና በ2025 ነው።

በዓለም ደረጃ የሚታወቀው ትልቁ መሰባሰቢያ በ1994 በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ ተጀመረ። ከ82 አገሮች የመጡ 280 ያህል ሰዎች ተገናኝተው የብራይተን መግለጫ የሚባለውን ሰነድ አወጡ፤ ጉዳዩን የሚከታተል ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድንም አቋቋሙ። ጉባኤው ከዚያ ወዲህ በየአራት ዓመቱ ከአገር አገር ይዞራል። ዊንድሆክ፣ ሞንትሪያል፣ ኩማሞቶ፣ ሲድኒ፣ ሄልሲንኪ፣ ጋቦሮኒና ኦክላንድ አስተናግደውታል። ይሄ ግን ይበልጡን የፖሊሲ ጉባኤ ነው። ሥራ የምትፈልግ ወጣት ይበልጥ የሚጠቅማት አነስ ያለው፣ ቅርቧ ያለው ነው። በ1993 ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረው ዋይዝ በስፖርትና በዝግጅት ሥራ ላይ ያሉ ሴቶችን የሚያገናኝ ሲሆን በተለያዩ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። በ2007 በብሪታንያ የተቋቋመው ዊመን ኢን ፉትቦል ደግሞ በእግር ኳስ ዙሪያ የሚሠሩትን ያሰባስባል። የአመራር ኮርስ ይሰጣል፤ መድልዎ የደረሰባቸው ሲያመለክቱም ይቀበላል።

አንድ የተለመደ ዝግጅት ምን ይመስላል? ጠዋት ምዝገባ አለ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ አለ። ቀጥሎ ዋናው ንግግር፣ ከዚያ አራት አምስት ሰው የሚቀመጥበት ፓናል ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ዎርክሾፕ ነው፦ የደመወዝ ድርድር፣ ካሜራ ፊት መናገር፣ ውል ማንበብ። በመሃል የሻይ ዕረፍት አለ። ፕሮግራሙ ላይ በአንዲት መስመር የሚታለፈው ይህ ዕረፍት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የቀኑ ዋና ሥራ ነው።

ይሄን የምለው ሻይ ስለምወድ ብቻ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው በምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ነው። ከ10 ከ8 በላይ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ሆኖ ተገኘ። ሲያስቡት ይገባል። የቅርብ ጓደኛችን የሚሰማውን ወሬ እኛም ሰምተነዋል። አዲስ ወሬ ከሩቅ ሰው ነው የሚመጣው። (ግራኖቬተር የጠየቃቸው ወንዶችን ብቻ እንደነበር ሳልጠቅስ አላልፍም።)

ስለዚህ ብልህ አዘጋጅ ትውውቁን ለዕድል አትተወውም። ሰው የማታውቅ እንግዳ ግድግዳ ተደግፋ ስልኳን ስትነካካ እንደምትውል ታውቃለች። ክብ ጠረጴዛ ታዘጋጅና በየአሥር ደቂቃው ወንበር ታቀያይራለች። የቴኒስ ዳኛዋን ከማርኬቲንግ ኃላፊዋ ጎን ታስቀምጣለች። ነባሮቹ ጥግ ይዘው እርስ በርስ እንዳያወሩም በዘዴ ትበትናቸዋለች። ከባድ ሥራ ነው፤ ምስጋናውም ትንሽ ነው።

በእነዚህ መድረኮች ላይ ሜንተርና ስፖንሰር የሚሉ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ። ሜንተር ምክር ትሰጣለች። ስፖንሰር ግን ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት አይደለም። ማን ይቀጠር ተብሎ በሚመከርበት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ «እገሌን እኔ አውቃታለሁ፣ ትችለዋለች» የምትል ወይም የሚል ሰው ነው። እንደኔ እንደኔ ሴቶች ምክር አጥተው አያውቁም። የጎደለው ሁለተኛው ነው።

ኤንኤፍኤል የሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል (ከእግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው) ሊግ በ2017 የጀመረውን ፎረም የማደንቀው ለዚህ ነው። ሊጉ በአሰልጣኝነት፣ በተጫዋች ምልመላና በክለብ አስተዳደር መሥራት የሚፈልጉ ሴቶችን መርጦ ይጋብዛል። ከፊታቸው የሚያስቀምጠው አነቃቂ ተናጋሪ ሳይሆን ቀጣሪዎችን ነው፤ ዋና አሰልጣኞች፣ ጄኔራል ማናጀሮች፣ የክለብ ባለቤቶች። ቆየት ብሎም ፎረሙን ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ አዳዲስ ተጫዋቾች ከሚፈተኑበት ሳምንት ጋር አያያዘው። በዚያ ሳምንት የሁሉም ክለብ ሰዎች እዚያው ከተማ ናቸው። ሴቶቹ ሥራ ፍለጋ ክለብ ለክለብ መዞር ቀረላቸው። ብዙዎቹም ተቀጥረዋል። በ2015 ጄን ዌልተር በአሪዞና ካርዲናልስ ለጊዜያዊ የልምምድ አሰልጣኝነት ስትቀጠር ትልቅ ዜና ነበር። በ2020 ኬቲ ሳወርስ ሱፐር ቦውል በሚባለው የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ያሠለጠነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ረዘም ያሉ ፕሮግራሞችም አሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኢኤስፒኤንደብልዩ (የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን የሴቶች ክፍል) በ2012 የጀመሩት የስፖርት ሜንተርሺፕ ከብዙ አገር የመጡ ሴቶችን ለሳምንታት ከትልልቅ ድርጅቶች ኃላፊዎች ጎን አሠርቷል። ሲጨርሱ እያንዳንዷ አገሯ ተመልሳ የምትሠራበትን ዕቅድ ይዛ ወጥታለች። በብሪታንያው የኸርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዊሽ ደግሞ ልምድ ያላቸውን አሰልጣኞች ለከፍተኛ ደረጃ ውድድር ያዘጋጃል፤ ሜንተርም ይመድባል።

ወቀሳው ቀላል አይደለም። አንደኛው ቀጠሮው ነው። ዝግጅቱ ቅዳሜ ወይም ከሥራ በኋላ ይጠራል። አሰልጣኝና ዳኛ ደግሞ ሥራ ላይ የምትሆነው ልክ ያኔ ነው። ውጤቱም ይታያል፤ አዳራሹን የቢሮ ሠራተኞች ይሞሉታል፣ ሜዳ ላይ የሚውሉት ይቀራሉ። ክፍያውም አለ። ድርጅቷ የሚከፍልላት ትመጣለች፤ ገና ሥራ የምትፈልገው፣ ዝግጅቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ማለት ነው፣ በር ላይ ትቀራለች። ልጅ የምታስቀምጥበት ያጣችም እንደዚያው።

ፓናሉም የራሱ አመል አለው። «ቤተሰብና ሥራን እንዴት አቻችለሽ ኖርሽ?» የሚለው ጥያቄ ካልተጠየቀ ያለቀ አይመስልም። ወንድ አሰልጣኝ ይህን ተጠይቆ የሚያውቅ ይመስላችኋል? ሌላው ደግሞ 94 የሚለው ቁጥር ነው። ኢዋይ የተባለው የሒሳብና የማማከር ድርጅት ከኢኤስፒኤንደብልዩ ጋር ባስጠናው ጥናት፣ ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ካሉ ሴት የድርጅት ኃላፊዎች 94 በመቶው ስፖርት ሠርተው ያውቃሉ ይላል። መድረክ ላይ በጣም የሚወደድ ቁጥር ነው። ስፖርት የሠሩ ስንቶቹ ኃላፊ እንዳልሆኑ ግን አይነግረንም።

ከሁሉም የሚያነጋግረው ግን ከሴቶቹ ከራሳቸው የሚመጣው ቅሬታ ነው። በራስ መተማመን፣ የድርድር ችሎታ፣ የአነጋገር ዘዴ እየተባለ ሥልጠናው ሁሉ የሚያተኩረው እነሱ ላይ ነው። ስልክ እያነሳ የሚያውቀውን የሚቀጥረው ሰው ግን ሥልጠና አልተጠራም። አዳራሹ ውስጥ የሚቀጥር ሰው ከሌለ የቀኑ ትርፍ ወዳጅነት ነው። ወዳጅነት ጥሩ ነገር ነው፤ ደመወዝ ግን አይሆንም።

ቀሪው ሥራ የሚሠራው ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ነው። በሳምንቱ ውስጥ አጭር መልእክት የምትልክ ሴት፣ የትኛውን ወሬ አንስተው እንደነበር ጠቅሳ አንድ ግልጽ ነገር የምትጠይቅ፣ ባጇን መሳቢያ ውስጥ ከጣለችው ይልቅ ዕድሏ ይሰፋል። አዘጋጆቹ ግን በአብዛኛው የሚቆጥሩት ስንት ሰው እንደመጣ ነው። ከዓመት በኋላ ደውሎ «ሥራ ቀየርሽ ወይ? ማን ጠቆመሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።