የአንደኛ ደረጃ የመማሪያ ክፍል፦ ትምህርቱና የጋራ ኑሮው

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች፣ ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ለአንድ ክፍል ልጆች ያስተምራል። ልጆቹ ንባብና ሒሳብ በሚማሩበት በዚያው ክፍል ተራ መጠበቅን፣ ተጋግዞ መሥራትን፣ ተጣልቶ መታረቅንም ይለምዳሉ። የመጀመሪያው ትምህርት፣ ሁለተኛው ሥነ ምግባር እየተባለ ለየብቻ ሲነገር ይሰማል፤ በተግባር ግን አይነጣጠሉም። ይስቁብኛል ብሎ የሚፈራ ልጅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ካላወጣ ደግሞ ምኑ ጋ እንደተቸገረ መምህሩ በቀላሉ አያውቅም።

ክፍሉ የዛሬ መልኩን የያዘው ቀስ በቀስ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው መምህር ጆሴፍ ላንካስተር በ1798 ለንደን ውስጥ የጀመረው ትምህርት ቤት እየሰፋ ሲሄድ አንድ መምህር በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ይይዝ ነበር፤ ቀደም ብለው የገባቸው ተማሪዎች ሌሎቹን ያስጠኑ ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1896 ቺካጎ ውስጥ ባቋቋመው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች እያበሰሉ፣ እየሰፉ፣ እንጨት እየሠሩ ይማሩ ነበር። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ደግሞ ወንበርና ጠረጴዛው ለልጅ ቁመት የሚስማማና ልጅ ራሱ ሊያነሳው የሚችል ሆነ።

የክፍሉን ቀን በብዛት የሚይዘው ንባብ ነው። ጀማሪው ፊደልን ከድምፅ ጋር ያዛምዳል፤ ድምፁን ከድምፅ አያይዞ ቃል ያወጣል። ይህ ጥረት ትኩረቱን ሁሉ ስለሚወስድበት ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ምን እንዳነበበ ላያስታውስ ይችላል። በየቀኑ መደጋገሙ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መምህሩ ጮክ ብሎ ታሪክ የሚያነብበት ሰዓትም እንደ ዕረፍት መቆጠር የለበትም። ልጅ በጆሮው የሚረዳው በዓይኑ አንብቦ ከሚረዳው ይበልጣልና፣ ገና ራሱ ሊያነባቸው የማይችላቸውን ቃላትና ሐሳቦች የሚያገኘው በዚህ ሰዓት ነው።

በሒሳብ ከ32 ላይ 18 ቀንሶ 26 ብሎ የጻፈ ልጅ እንውሰድ። ከ8 ላይ 2 ቀንሶ 6፣ ከ3 ላይ 1 ቀንሶ 2 አግኝቷል፤ በየቤቱ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ቀንሷል ማለት ነው። ልጁ ግዴለሽ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተከተለው ደንብ ነው የተሳሳተው። ደብተሩ ላይ የስህተት ምልክት ብቻ ማድረግ ያንን ደንብ አይነካውም። አሥር አሥር ሆነው የታሰሩ 3 እስር እንጨቶችና 2 ነጠላ እንጨቶች ቢሰጡት ግን፣ ከ2 ላይ 8 ማንሳት እንደማይችል እጁ ይነግረዋል። አንዱን እስር ይፈታል፤ 12 ነጠላ ይኖሩታል፤ 8 ሲያነሳ 4 ይቀራሉ። ከቀሩት 2 እስሮች አንዱን ሲያነሳ መልሱ 14 ይሆናል። «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ በዚህ ደረጃ ከማረም ይቀድማል።

ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ያለው ዝምታም ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ጥበቃው 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶቹ ረዘሙ፤ «አላውቅም» የሚሉት ቀነሱ፤ ሳይጠሩ የሚመልሱ ልጆችም በዙ። ምንም ወጪ የሌለው እንዲህ ያለ ለውጥ ብዙ ክፍሎች ውስጥ አለመለመዱ ያሳዝናል። መጀመሪያ ለብቻ አስቦ፣ ከጎን ካለው ልጅ ጋር ተወያይቶ፣ ከዚያ ለክፍሉ መናገር የሚባለው ዘዴም ዓይናፋሮችን በጣም ይረዳል።

የቡድን ሥራ በደንብ ካልታሰበበት አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ የሚያዩበት ይሆናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊየት አሮንሰን በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ለዚህም የሚጠቅም መላ አመጣ። ጊዜው በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች በአንድ ክፍል የተገናኙበትና ግጭት የበዛበት ነበር። ትምህርቱ ለቡድኑ አባላት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ክፋይ ከሌላ ቡድን ያንኑ ክፋይ ከያዙ ልጆች ጋር ያጠናል፤ ከዚያ ተመልሶ ለራሱ ቡድን ያስተምራል። ሁሉንም ለማወቅ ሁሉንም ማዳመጥ ግድ ስለሆነ፣ የሚናቀው ልጅም ተፈላጊ ይሆናል።

የጋራ ኑሮው በትንንሽ ኃላፊነቶች ይደራጃል፦ ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ ደብተር የሚያድል፣ ተክል የሚያጠጣ ተረኛ ይመደባል። ተራው ሁሉንም ማዳረስ አለበት፤ ጎበዞቹ ብቻ ሲመረጡ ኃላፊነቱ ሽልማት ሆኖ ይቀራል። የክፍሉ ደንብም ከልጆቹ ጋር ቢወጣ፣ በቁጥር ትንሽ ቢሆንና «አትሩጥ» ከማለት «ክፍል ውስጥ በእርምጃ እንሄዳለን» ቢል ይሻላል።

ፈረንሳዊው መምህር ሴለስታን ፍሬኔ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጽሑፍ በክፍሉ ማተሚያ እንዲያትሙና ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር እንዲጻጻፉ አድርጓል። የእሱ ፈለግ በሚከተሉ ክፍሎች ልጆች በቋሚነት ይሰበሰባሉ። አንዱ ተማሪ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ሌላው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ቅሬታ፣ ምስጋናና ሐሳብ በየተራ ይቀርባል። ኳሱን ሁልጊዜ ትልልቆቹ ይወስዱብናል ያለ ልጅ ክሱን በሥርዓት ያሰማል፤ የተከሰሱትም ይመልሳሉ፤ መፍትሔ ይመረጣል። ውሳኔው መሥራት አለመሥራቱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል፤ ካልሠራም ይለወጣል።