ስለ ቲንክፓድ ላፕቶፖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቲንክፓድ የአሜሪካ ሥራ ነበር፤ ሌኖቮ ገዝቶ አበላሸው»
ከመነሻውም የአሜሪካ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 ለወጣው 700ሲ ለተባለው ቲንክፓድ ጥቁሩን መልክ የሰጠው ሚላኖ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሪቻርድ ሳፐር ነው፤ ምህንድስናው ደግሞ የጃፓኑ ያማቶ ቤተ ሙከራ ነው። የቲንክፓድ ባለቤት የነበረው የአሜሪካው አይቢኤም ለቻይናው ሌኖቮ ያደረገው ሽያጭ በ2005 ሲጠናቀቅ የያማቶ መሐንዲሶች አብረው ተሻገሩ። ቻይና ውስጥ መገጣጠምም በአይቢኤም ዘመን የተጀመረ ነው። ደንበኛን ቅር ያሰኙት ለውጦች የመጡት ዘግይተው ነው፦ ተወዳጁ ባለሰባት ረድፍ ኪቦርድ በ2012 በእነ ቲ430 ላይ ስድስት ረድፍ ሆነ፤ ቲ440 ላይ የጠፉት የትራክፖይንት (ኪቦርዱ መሃል ያለው ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅስ ቀይ ነጥብ) ቁልፎች ግን በቲ450 ተመልሰዋል።

«ቀዩ ነጥብ ሳይነኩት ጠቋሚውን ከጎተተ ተበላሽቷል»
አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ትራክፖይንት የጣት ግፊትን የሚለካ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብዙ ከተጫኑት መነሻው ይዛነፋል። ጣት አንስቶ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ነው፣ ራሱን ያስተካክላል። ጠቋሚውን ለመመለስ ሲታገሉት ግን ይባስ ይዛነፋል።

«ማንኛውም ቲንክፓድ ራም ይጨመርለታል»
ብዙ ገንዘብ የሚያስከስረው ይኼኛው ነው። በ2018 የወጣው ቲ480 ሁለት የራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ማስገቢያ አለው። ቲ480ኤስ ግን ከፊሉ ራም ማዘርቦርዱ (ዋናው የኮምፒውተሩ ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ነው፤ ማስገቢያው አንድ ብቻ። ኤክስ1 ካርቦን ጭራሹኑ የለውም፤ 8 ጊጋባይት ከገዙ እስከመጨረሻው 8 ነው። ባትሪም እንዲሁ፦ ቲ480 ውስጡ 24 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሁለተኛ ባትሪ ካለ የውጪውን ሳያጠፉ መቀየር ይቻላል፤ ቲ480ኤስ ላይ ሽፋኑን መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ ሻጩ «480» ሲል መጨረሻው ላይ «ኤስ» እንዳለ ከታች ካለው ጽሑፍ አንብቡ።

«የባዮስ ፓስወርድ ትንሿ ባትሪ ስትነቀል ይጠፋል»
የባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብር የሚቆለፍበት የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይረሳ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። ሌኖቮ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ያገለገለ ስትገዙ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት እያበራችሁ ኤፍ1ን ተጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ አስገብቶ ያንሳው፤ ካልቻለ ተዉት።

«ውሃ አይጎዳውም»
ብዙዎቹ ኪቦርድ ላይ የፈሰሰን ጥቂት ውሃ በሥር በኩል የሚያወጣ ቦይ አላቸው እንጂ ውሃ የማያስገቡ አይደሉም። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ወዲያው አጥፉት፤ አትገልብጡት፣ ፈሳሹ ከቦዩ ወጥቶ ወደ ሌላው ክፍል ይሄዳል። የፈሰሰው ስኳር ያለው ሻይ ከሆነ ቢደርቅም ቁልፎቹ ስለሚጣበቁ ኪቦርዱን ማስቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።