«በ100 ግራም» ማለት ምንድን ነው? ግራኖላና ወተት ለምታወዳድሩ

ሰሞኑን አንዲት እናት ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር መጣችብኝ። የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ክብደት አልጨምር ብሎ ጭንቅ ይዟታል። ምን እንደምታበላው ስጠይቃት «ወተቱን ትቼ ግራኖላ ጀምሬለታለሁ» አለችኝ። ለምን? «ከወተት በአራት እጥፍ ፕሮቲን አለው ሲባል አይቼ ነው እኮ።»

ያንን ነገር እኔም አይቼዋለሁ፤ ደጋግሜ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ነው። ከግራኖላው ሥር 13፣ ከወተቱ ሥር 3.2፣ ከላይ ደግሞ «በ100 ግራም» ይላል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ውሸት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ልክ በሆነ ቁጥር አንዲት እናት የልጇን ወተት ስታቋርጥ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ግራኖላ ምን እንደሆነ አላወራም፤ አጃውን፣ ማሩን፣ ኦቾሎኒውን ታውቁታላችሁ። የማወራው ስለዚያች «በ100 ግራም» ስለምትባል ነገር ነው።

«በ100 ግራም» ማለት ምግቡን እንዳለ፣ ከነውሃው፣ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ 100 ግራም ሲሞላ በውስጡ ያለው ማለት ነው። ከነውሃው የምትለዋን ያዙልኝ። ከ100 ግራም ወተት 87 ወይም 88 ግራሙ ውሃ ነው። ግራኖላ ግን ምድጃ ገብቶ የደረቀ ነገር ነው፤ ውሃው 5 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ያ ፎቶ 95 ግራም ምግብን ከ12 ግራም ምግብ ጋር ነው ያታገለው።

ቋንጣ ሰቅሎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሦስት ኪሎ ሥጋ ትዘለዝላላችሁ፣ በጨውና በበርበሬ ታሻላችሁ፣ ገመድ ላይ ትሰቅላላችሁ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ብዙ ቀን አይፈጅም። አውርዳችሁ ስትመዝኑት አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «የቋንጣ ፕሮቲን ከጥሬ ሥጋ ሦስት እጥፍ ነው» ቢላችሁ በግራም ከሄዳችሁ ልክ ነው። ግን ገመዱ ላይ ፕሮቲን አልተፈጠረም። ውሃ ነው የሄደው። የሦስት ኪሎው ፕሮቲን አንድ ኪሎ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፣ በቃ።

ቋንጣውን ትንሽ ልግፋበት፤ ብዙ ነገር ያስረዳልኛል። ጥሬ ሥጋ በኪሎ ይቀርባል። ቋንጣ በኪሎ ቁጭ ብሎ የሚበላ ግን አላየሁም፤ አንድ ጭብጥ ሆኖ ፍርፍር ውስጥ ይገባል። ግራኖላም እንደዚያው ነው። ሳህን ላይ ትንሽ ይደረጋል፣ ወተት ይፈስበታል፣ ደረቁ ነገር እርጥብ ውስጥ ተመልሶ ይበላል። ሌላም አለ። ቋንጣ ሲደርቅ ጨውና በርበሬ ይዞ እንደሚደርቅ፣ ግራኖላም ስኳርና ዘይት ይዞ ነው የሚደርቀው። በ100 ግራሙ ውስጥ 20 ግራም አካባቢ ስኳር፣ 24 ግራም አካባቢ ቅባት ታገኛላችሁ (የቤት ነውና እንደ ሠሪው እጅ ይለያያል፣ የፋብሪካም እንደ ፋብሪካው)። ከፕሮቲኑ ጋር እሱም አብሮ ነው የሚመጣው።

ቋንጣው የማያስኬደን አንድ ቦታ አለ። ቋንጣ ድሮ ሥጋ ነበር፤ ግራኖላ ግን መቼም ወተት ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ደረቅን ከደረቅ ማወዳደር ከፈለግን ወተቱንም እናድርቀው። ደርቆ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ የዱቄት ወተት ነው። ክሬሙ ያልወጣለት የዱቄት ወተት በ100 ግራም 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ግራኖላው 13። ካልሲየሙ ደግሞ ዱቄቱ ላይ 900 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ግራኖላው 100 እንኳ አይሞላም። ያ «አራት እጥፍ» የተባለው ውሃው ሲወጣ ተገልብጦ ወተቱ በእጥፍ በለጠ።

ይሄን አንድ ቦታ ስጽፍ አንድ ሰው መልስ ሰጠኝ። «በ100 ግራም ማወዳደር የዓለም ስታንዳርድ ነው፣ ማሸጊያው ሁሉ ላይ ተጽፏል፣ አንቺ ከሳይንስ ትበልጫለሽ?» አለኝ። አቦ፣ ወንድሜ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው እኮ ሁለት ግራኖላ እንድታወዳድርበት ነው። አንዱ ፋብሪካ «አንድ ጊዜ የሚበላ» ብሎ 30 ግራም ይጽፋል፣ ሌላው 60። ስኳሩን ለማወዳደር ያኔ በ100 ግራም የሚለው ዓምድ ነው የሚያወጣህ፤ እኔም ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሁለት ወተት ለማወዳደርም ይሆናል። ደረቅ ነገርን ከሚጠጣ ነገር ጋር ስታቆም ግን ያ ዓምድ የሚነግርህ የትኛው ውሃ እንደሚበዛው ነው። ውሃ መብዛቱን ለማወቅ ደግሞ ሠንጠረዥ አያስፈልግም፤ አንዱ ይፈስሳል፣ አንዱ አይፈስስም።

ታዲያ በምን እናወዳድር? እኔ ሁለት ነገር አያለሁ።

አንደኛው ሰው በእውነት በሚበላው ልክ ነው። ቤቴ የወጥ ቤት ሚዛን አለኝ፣ ለዚችው እናት ብዬ መዘንኩት። 100 ግራም ወተት የሻይ ብርጭቆ እንኳ በደንብ አልሞላልኝም። 100 ግራም ግራኖላ ግን የሾርባ ሳህን ሞልቶ ጫፉ ላይ ደረሰ። ማንም ልጅ ያንን አይጨርሰውም። ትልቅ ሰው በቁርሱ 50 ግራም ቢበላ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል። በትልቅ ብርጭቆ 250 ሚሊ ሊትር ወተት ቢጠጣ 8 ግራም ያህል። ተቀራራቢ ናቸው፤ እንዲያውም ወተቱ በትንሹ ይቀድማል።

ሁለተኛው በካሎሪ ነው። በቀን የሚያስፈልገን ጉልበት ውስን ስለሆነ፣ በበላነው ጉልበት ልክ ምን አገኘን ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። 100 ካሎሪ ወተት 5 ግራም ፕሮቲን ይሰጣችኋል። 100 ካሎሪ ግራኖላ 3 ግራም አይሞላም፤ የቀረው ጉልበት ከስኳሩ፣ ከስታርቹና ከዘይቱ ነው።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሳልናገር ማለፍ የማልችለው አለ። ቤተ ሙከራ ፕሮቲንን ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይለካም። ናይትሮጅኑን ይለካና በቁጥር ያባዛዋል። ለወተት 6.38፣ ለአጃ 5.83 ነው ትክክለኛው ማባዣ፤ ብዙ ማሸጊያ ግን ለሁሉም 6.25 ይጠቀማል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም አጃውን በጥቂቱ ከፍ፣ ወተቱን በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል። ደግሞም ፕሮቲን ሁሉ አንድ አይደለም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ወተት ሞልቶታል። ለዚህ ነው የወተትና የአጃ ጥምረት ጥሩ የሚሆነው። ጾም ላይ ያላችሁ ወተቱን በሽምብራ ወይም በባቄላ ተኩት። ገብስ ቆሎ ላይ ሽምብራ የሚቀላቅሉ እናቶቻችን ስሙን ባይጠሩትም ያንን ላይሲን ነው የሚሞሉት።

ግራኖላን ልጥለው አይደለም። ፋይበር አለው፣ ወተት ዜሮ ነው። ብረት አለው፣ በ100 ግራም 4 ሚሊ ግራም ገደማ፤ ወተት ከብረት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ወተት ብቻ እየጠጣ ሌላ ምግብ እንቢ የሚል ልጅ ደም ማነስ የሚይዘውም በዚህ ነው። የአጃው ብረት ግን ሙሉ በሙሉ አይደርሰንም፤ ፋይቴት የሚባል ነገር አሥሮ ይይዘዋል። ጤፍም ፋይቴት አለው፤ እንጀራችን ግን ሊጡ ሲቦካ የተወሰነውን ያፈርሰዋል። ግራኖላ አይቦካም። ላዩ ላይ ሻይ ከጠጣችሁበት ደግሞ የሚገባው ብረት ይብስ ያንሳል። በሌላ በኩል ቫይታሚን ቢ12 ከወተት እንጂ ከአጃ አታገኙም።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ወተቱ ወተት ከሆነ ነው። ቀፊራ ገበያ በሃይላንድ የምትገዙት ወተት ላይ ውሃ ከተጨመረበት የ3.2ቱ ነገር አበቃ፤ አንድ ሊትር ወተት ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ ከተጨመረ በ100 ግራም 2 ግራም ገደማ ፕሮቲን ብቻ ነው የሚቀረው። ውሃ ቁጥርን እንዴት እንደሚያወርድ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም። የግመል ወተትም ውሃው ከላሙ ብዙ አይለይም፤ ቫይታሚን ሲ ግን ይበልጣል። እኛ አገር በጥሬው መጠጣት ልማድ ነው፣ አውቃለሁ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ ወተት ይመጣልና አፍሉት። ኦቾሎኒ ነገር ካነሳን ደግሞ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ የሚጥመውን ያህል እርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ሻጋታ ይይዘውና አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፤ መቁላት አያጠፋውም። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላምም በወተቷ ታወጣዋለች፣ እሱንም ማፍላት አያጠፋውም። የተጨማደደና ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ካያችሁ ለቅማችሁ ጣሉ።

ወደ ልጁ ልመለስ። የክንዱን ዙሪያ በዚያች ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ ለካሁት፤ 13 ሴንቲ ሜትር፣ አረንጓዴው ላይ ነበር። እናቱ ትንፋሿ መለስ አለ። ክብደት ለሚያንሰው ልጅ ግራኖላ ጉልበቱ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ይጠቅማል፤ በዚህ አልተሳሳተችም። የተሳሳተችው ወተቱን በማንሳቷ ነው። ወተቱን እንድትመልስ ነገርኳት። ጠዋት የፈላ ወተት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ግራኖላ፣ እንዲለሰልስ ትንሽ ተቀምጦ።

«ኦቾሎኒው አለበት፣ ችግር የለውም?» አለችኝ። አለው፤ ሙሉ ፍሬ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ወቅጪው አልኳት። ታናሽ እህቱ ስምንት ወሯ መሆኑን የነገረችኝ ያኔ ነው። ለእሷስ? ለእሷ ግራኖላው ቀርቶ ማሩም አይፈቀድም፣ ከአንድ ዓመት በፊት ማር አይሰጥም፤ የላም ወተትም ዋና መጠጧ መሆን የለበትም። ጡት ትጥባ፣ ገንፎዋን ትብላ። እናትየዋ ስልኳን አውጥታ ያንን ፎቶ አጠፋችው፤ ከዚያ ሁለቱ የሾርባ ማንኪያ በትልቁ ማንኪያ ነው በትንሹ ብላ ጠየቀችኝ። በትልቁ።