የስፒከር ኦም እና አምፕሊፋየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የስፒከሩና የአምፑ ኦም የግድ እኩል መሆን አለበት»

ይህ በቫልቭ (ቱቦ) አምፕ ላይ ልክ ነው። ጀርባው ላይ 4፣ 8 እና 16 ኦም (ኦም ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው) ተብለው የተለዩ መሰኪያዎች ስላሉት ስፒከሩ በቁጥሩ ይሰካል። ያለ ስፒከር ድምፅ ከፍቶ ማሠራት ደግሞ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ዛሬ በየቤቱ ያለው የትራንዚስተር አምፕ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም አይውረዱ። «4–8 ኦም» በሚለው ላይ 16 ኦም ቢሰኩ አይጎዳም፤ ዋቱ ብቻ ይቀንሳል።

«4 ኦም ከ8 ስለሚያንስ ለአምፑ ይቀላል»

ተቃራኒው ነው። አምፑ 20 ቮልት ሲያወጣ በ8 ኦም 2.5 አምፒር (50 ዋት) ይፈስሳል፤ በ4 ኦም ግን 5 አምፒር ነው። ትራንዚስተሮቹን የሚያግለው ይህ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ነው። ድምፅ ሲጨምሩ ቀጭ ብሎ የሚጠፋ አምፕ ብዙ ጊዜ ራሱን ከዚህ እየተከላከለ ነው።

«ሁለት ጥንድ ስፒከር ስሰካ ሸክሙ ይከፋፈላል»

ብዙ አምፕ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ኤ» እና «ቢ» የተባሉት የሁለቱ ጥንዶች መሰኪያዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ በአብዛኞቹ አምፖች ስፒከሮቹ በፓራለል (ጎን ለጎን) ይገናኛሉ፦ 8 እና 8 ወደ 4፣ 8 እና 4 ወደ 2.7 ኦም ይወርዳሉ። አምፑ ይህን ካልቻለ ሁለት ተመሳሳይ ስፒከሮችን በሲሪየስ (በተከታታይ) ያገናኙ፦ የአምፑ ቀይ ወደ አንደኛው ቀይ፣ የአንደኛው ጥቁር ወደ ሁለተኛው ቀይ፣ የሁለተኛው ጥቁር ወደ አምፑ ጥቁር። 8 እና 8 አሁን 16 ሆኑ።

«መልቲሜትሩ 6 ካሳየ ስፒከሩ 8 ኦም አይደለም»

መልቲሜትር የሚለካው የኮይሉን (በስፒከሩ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ) ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ደህና የሆነ 8 ኦም ስፒከር ከአምፑ ተነቅሎ ሲለካ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል። ኢምፔዳንሱ (ድምፅ ሲያወጣ ያለው ጠቅላላ ተቃውሞ) ከድምፁ ፍሪኩዌንሲ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ 8 የሚለው ስፒከሩ በግምት የተሰየመበት ቁጥር ነው።

«ሬዚስተር ጨምሬ ኦሙን አስተካክላለሁ»

ለ4 ኦም ስፒከር 4 ኦም ሬዚስተር ቢጨምሩ ግማሹ ኃይል ሬዚስተሩን ያሞቃል፤ የድምፁም ቃና ይለወጣል። አንመክርም።

«ኦሙ ልክ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም»

ከመሰኪያው ያፈነገጠች አንዲት የሽቦ ክር ቀዩን ከጥቁሩ ካገናኘች ሾርት ነው፤ ለአምፑ ወደ 0 ኦም እንደመሰካት። አምፑን አጥፍተው የሽቦውን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ይላጡ፣ ክሮቹን አጥብቀው ይግመዱ፤ ከመክፈትዎ በፊትም መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ይዩ።