አመጋገብና መልቲፕል ስክለሮሲስ

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ነርቭ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። የሚጎዳው በአንጎልና በህብለሰረሰር ውስጥ ነርቮችን የሚሸፍነው ማይሊን ነው። የሚያድን ምግብ እስካሁን አልተገኘም። ታማሚው ግን ሐኪሙን "ምን ልብላ?" ማለቱ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን የሰጡት የነርቭ ሐኪሙ ሮይ ስዋንክ ናቸው። በኖርዌይ በሽታው በመሀል አገር ገበሬዎች ዘንድ ይበዛ ነበር፤ ዓሣ በሚያጠምዱት የባሕር ዳርቻ ሰዎች ዘንድ ያንስ ነበር። ስዋንክ ይህን አይተው ቅቤና ጮማን ጠረጠሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሞንትሪያል (ካናዳ) ውስጥ ለታማሚዎቻቸው ቅባቱ የተቀነሰ ምግብ ማዘዝ ጀመሩ። ከዚያማ አልለቀቋቸውም፤ 144 ሰዎችን ለ34 ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱ በ1990 በላንሴት መጽሔት ወጣ። በቀን ከ20 ግራም ያነሰ ሳቹሬትድ ቅባት (እንደ ቅቤና ጮማ ያለውን) የበሉት የአካል ጉዳታቸው ብዙም አልገፋም፤ ከእነሱም የሞቱት ጥቂት ናቸው። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም፣ እውነት ነው። ሲብስባቸው ምግቡን የተዉም ይኖራሉ። ቢሆንም 34 ዓመት ሙሉ ታማሚን መከታተል ቀልድ አይደለም።

ቴሪ ዋልስ ደግሞ ራሳቸው ኤምኤስ ያለባቸው የአዮዋ (አሜሪካ) ሐኪም ናቸው። የእሳቸው ምግብ አትክልት የበዛበት ነው፤ ሥጋ አለው፣ እህልና ወተት የለውም። ሁለቱ አመጋገቦች ተወዳድረው በ2021 በወጣው ጥናት በሁለቱም ወገን ድካም ቀንሷል።

በቫይታሚን ዲ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በደማቸው ያነሰባቸው ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ይላል። በሽታው ከያዘ በኋላ እንክብሉን መውሰድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ2023 የወጣ ሙከራ ጥቅም አላየም፣ በ2025 የወጣ የፈረንሳይ ሙከራ አየ። ያለልክ መውሰድ የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።

የኦሜጋ 3 (በዓሣ ውስጥ የሚገኝ ቅባት) እንክብል በኖርዌይ ተሞክሮ አልሠራም። ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲንም (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) በ2020 በወጣው ትልቅ ሙከራ ወድቋል፤ ይባስ ብሎ የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል፣ ስለዚህ የሚወስድ ሰው ለላቦራቶሪ ይንገር።

በጉርምስና ዕድሜ ከልክ ያለፈ ውፍረት ለበሽታው ያጋልጣል። ለታመመው ደግሞ የሆድ ድርቀት የዕለት ተዕለት ጣጣ ነው፤ ውሃና ፋይበር ያግዛሉ። ምግብ ትን የሚለው ሰው ግን በራሱ መላ ከመሞከር ይልቅ አዋዋጡን ማስመርመር አለበት፤ ለአንዳንዱ ከውሃ ይልቅ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይቀለዋል።