ወዲያ ወዲህ የሚል ኮረንቲ ሞተርን እንዴት ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራል?

ድሬዳዋ ወይም አዋሽ የከረመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው ቬንቲሌተር ሲበራ እምምም ይላል፣ ግን ንቅንቅ አይልም። አንዱ ብድግ ብሎ በመጥረጊያ እንጨት ክንፉን ገፋ ያደርግለታል። ቀስ እያለ ይነሳና ፍጥነቱን ይይዛል። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። በተቃራኒው ብትገፉት በተቃራኒው ይዞራል፣ ነፋሱንም ወደ እናንተ መላኩን ትቶ ወደ ኮርኒሱ ይተፋዋል። ወዴት መዞር እንዳለበት አያውቅም ማለት ነው። ታዲያ ደህና በነበረ ጊዜ ማን ነበር የሚነግረው?

ከሶኬት የምናገኘው ኮረንቲ ኤሲ ነው። በአንድ አቅጣጫ አይፈስም፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በኛ አገር 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 50 ጊዜ ደርሶ መልስ ነው፣ አቅጣጫውን 100 ጊዜ ይቀይራል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ እዚያው ቆሞ መንቀጥቀጥ አልነበረበትም? ጥያቄው የሞኝ አይደለም።

የእግር የልብስ ስፌት መኪና አስቡ። የሰፊው እግር ከፍ ዝቅ ነው የሚለው፣ መዘውሩ ግን ይዞራል። ሰፊው ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እግሩን ከመጫኑ በፊት መዘውሩን በእጁ ገፋ ያደርጋል። ካላደረገ ወይ አይነሳለትም፣ ወይ ወደ ኋላ ዞሮ ክሩን ይበጥስበታል። አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ያው ከፍ ዝቅ የሚለው እግር ይበቃዋል። የተበላሸው ቬንቲሌተርና የመጥረጊያው እንጨት ነገርም ይኸው ነው።

ወደ ሞተሩ ውስጥ እንግባ። የማይንቀሳቀሰው የውጪው ክፍል ስታተር ይባላል፤ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ ኮረንቲ ሲገባበት ማግኔት ይሆናል። መሃሉ ላይ የሚዞረው ሮተር ነው። ሮተሩ ጋ ከውጭ የሚደርስ አንድም ሽቦ የለም። ብረት ውስጥ የተቀበሩ የአሉሚኒየም ዘንጎች ብቻ ናቸው፣ ጫፍና ጫፋቸው በቀለበት የተያያዘ። የስታተሩ ማግኔት በአጠገባቸው ሲያልፍ ዘንጎቹ ላይ ኮረንቲ ይፈጠራል፣ ያ ኮረንቲ ሮተሩን ራሱን ማግኔት ያደርገዋል፣ ከዚያ ያለፈውን እየተከተለ ይጎተታል። ስታተሩ ሰሜንና ደቡቡን ሲቀያይርስ? የሮተሩም አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱም ስለተገለበጡ ጉተታው ያው ነው፤ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ማግኔቱ በዙሪያው «እንዲሄድ» ማድረግ ላይ ነው። ለዚህ ስሪ ፌዝ ምቹ ነው። ሦስት ሽቦ ይመጣል፣ የሦስቱም ኮረንቲ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው በሲሶ ዙር ይዘገያል። ሦስት ሰዎች ክብ ሠርተው መሃል ያለውን ነገር በየተራ በገመድ ቢስቡት ዙሪያውን መሄዱ ይቀራል? ማንም መጥቶ አይገፋውም፣ ተራው ራሱ አቅጣጫ ነው። ተራውን ከቀየራችሁ አቅጣጫውም ይቀየራል። ለዚህ ነው ከሦስቱ ሽቦ ማንኛቸውም ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚዞረው። ትራንስፎርመር ተቀይሮ ወይም መስመር ተጠግኖ መብራት ሲመለስ ወፍጮው በግልባጭ ዞረ፣ ፓምፑም እየዞረ ውሃ አልገፋ አለ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ቤታችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲንግል ፌዝ ነው። አንድ ሳቢ ብቻ። አንድ ሳቢ ደግሞ ተራ የለውም። መፍትሔው ሁለተኛ ሳቢ መፍጠር ነው፤ ስታተሩ ላይ ከዋናው ጎን ሌላ የሽቦ ጥቅል ይጨመርና በካፓሲተር (ኮረንቲ አጠራቅሞ መልሶ በሚለቅ ትንሽ ዕቃ) በኩል ይያያዛል። ካፓሲተሩ የዚያን ጥቅል ኮረንቲ ከዋናው በሩብ ዙር ያህል ያስቀድመዋል። አንድ ዙር 20 ሚሊ ሴኮንድ ነው፣ ሩቡ 5። በዚህች 5 ሚሊ ሴኮንድ ማግኔቱ መጀመሪያ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ ይታያል፣ ሮተሩም ይከተላል። የሰፊው እጅ ይህቺ ናት። ካፓሲተሩ ሲደክም እጁ ይጠፋል፣ እምምም ይቀራል። ብዙ ሰው ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል፤ የጎደለው ግን ያቺ ዕቃ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ታዲያ እያጉረመረመ አትተዉት፣ ሳይዞር ኮረንቲ በብዛት ስለሚስብ ያኔ እውነትም ይቃጠላል። ካፓሲተሩንም ሶኬቱ ተነቅሏል ብላችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

ሶኬቱን ገልብጬ ብሰካውስ የሚል አለ። ምንም አይቀየርም። ሁለቱም ጥቅሎች አብረው ስለሚገለበጡ ተራቸው ያው ነው። በባትሪ የሚሠራ የልጆች መጫወቻ መኪና ግን ሽቦው ቢገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። (ድሪልና ጁስ መፍጫ ካርቦን ያለው ሌላ ዓይነት ሞተር ናቸው፤ ኤሲ ላይ ይሠራሉ ግን ካፓሲተር አይጠብቁም።)

የሚዞር ማግኔትን ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋሊሌዮ ፌራሪስ ቶሪኖ ውስጥ፣ መሐንዲሱ ኒኮላ ቴስላ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሆነው ለየብቻ ደረሱበት፤ ሁለቱም ሥራቸውን ያወጡት በ1888 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፌራሪስ የእንዲህ ያለ ሞተር ብቃት (ከሚወስደው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው) ከ50 በመቶ አያልፍም ብሎ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ 90ን ያልፋሉ።

አንድ የምወዳት ነገር ልጨምር። የወፍጮ ሞተር ላይ የተለጠፈችውን ብረት ብታነቡ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 1440 ዙር አካባቢ ይላል። ለምን ድፍን 1500 አልሆነም? 50 ኸርዝ በደቂቃ 3000 ደርሶ መልስ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ጥቅሉ አራት ዋልታ (ሁለት ሰሜን፣ ሁለት ደቡብ) ስለሚሰጥ ማግኔቱ በግማሹ፣ በ1500 ነው የሚዞረው። ሮተሩ ግን ሊደርስበት አይችልም፤ ከደረሰበት ማግኔቱ በአጠገቡ ማለፉን ያቆማል፣ ኮረንቲ አይፈጠርበትም፣ ጉተታውም ይጠፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ እንደቀረ ያሳድደዋል። እህሉ ሲበዛበት ደግሞ ተጨማሪ ጥቂት ዙር ወደ ኋላ ይቀራል፣ በዚያው ልክ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ቋቱ ሲሞላ የወፍጮው ድምፅ ወፈር የሚለው ለዚህ ነው።