ሐኪም ያልሆነ ሰው መድኃኒት ያዛል?

ብሪታንያ የምትኖሩ ወገኖች ይህ ነገር ግራ ሲያጋባችሁ አያለሁ። አዎ፣ ያዛል። ሁሉም ግን አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስቶችና የእግር ሕክምና ባለሙያዎች ራሳቸውን ችለው እንዲያዝዙ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ፓራሜዲኮች፣ ማለትም የአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች፣ በ2018 ተከተሉ።

የሚያሳስተው «ራስን ችሎ» የሚለው ቃል ነው። ያሻውን ያዛል ማለት አይደለም። ባለሙያው ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ፈቃዱም በባለሙያዎች መዝገብ ላይ ከስሙ ጋር ይጻፋል። የሚያዘውም በሙያው ክልል ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፦ ስኳር ያለባቸው እናት የእግር ጣታቸው ቆስሎ አመርቅዟል። የእግር ባለሙያው ቁስሉን ያጸዳና አንቲባዮቲኩን እዚያው ይጽፍላቸዋል። ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ ቀረ። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ሕጉን የምወደውም ለዚህ ነው። «የግፊት ኪኒኔንም ቀይርልኝ» ቢሉት ግን ወደ ሐኪማቸው ይልካቸዋል።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ነገር ይለያል። በ2016 የተፈቀደላቸው ከሐኪሙ ጋር በጽሑፍ በተስማሙበትና ታካሚው በተቀበለው ዕቅድ መሠረት ማዘዝ ነው። ከዚያ ውጭ አንዲት ኪኒን አይጨምሩም።

መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። የባለሙያውን ስም አስገብታችሁ ፈቃዱን ማየት ትችላላችሁ።